ኬስትረል ጭልፊትና የዱር ሃምስተር፦ መጠን፣ አደንና ክረምት አያያዝ ሲነጻጸር

የቅዳሜ_መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። በቪየና ማዕከላዊ የመቃብር ስፍራ፣ በጸንትራልፍሪድሆፍ፣ በአንድ ሣር ላይ ሁለት እንስሳት ይታያሉ። ከላይ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ትንሹ ጭልፊት ኬስትረል ነው፤ ከታች ደግሞ ሆዱ ጥቁር የሆነው አይጥ መሰል እንስሳ፣ የዱር ሃምስተር፣ አለ። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ለሆነ ልጆች ሁለቱን የሚያነጻጽር ትልቅ ሰሌዳ እያዘጋጀሁ ነው። የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ትክክለኛ መጠንና ክብደታቸው ስንት ነው? ጭልፊቱ ሃምስተሩን ይበላዋል ወይ? (ልጆቹ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ይህንን ነው።) የአውሮፓውን የብርድ ክረምትስ እያንዳንዳቸው እንዴት ያልፉታል? በየቦታው የተጻፈው ቁጥር እርስ በርሱ ስለማይስማማ የምታውቁ አርሙኝ።

ክንፍ_ቆጣሪ

እንደምን ዋሉ መምህርት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጠኑ ላይ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

ኬስትረል ከምንቃሩ ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ከ32 እስከ 39 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከ65 እስከ 82 ይደርሳል። ይህን ያየ ሰው ግማሽ ኪሎ ይመዝናል ብሎ ይገምታል። ወንዱ ግን በአማካይ 155 ግራም አካባቢ ነው፣ ሴቷ 185 አካባቢ። እንቁላል ለመጣል የተቃረበች ሴት ከ250 ግራም ልታልፍ ትችላለች። ርዝመቱ ላይ ደግሞ ግማሽ የሚጠጋው ጅራት መሆኑን አትርሱ፤ አካሉ ብቻ ቢለካ ትንሽ ነው።

ሃምስተሩ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጅራቱ ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ክብደቱ ከ220 እስከ 460 ግራም፣ ጠገብ ያለ ወንድ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ርዝመታቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ሃምስተሩ የጭልፊቱን እጥፍ ያህል ይከብዳል።

ሰሌዳው ላይ ሊገባ የሚገባው ሌላ ነገር የጾታ ልዩነታቸው ተቃራኒ መሆኑ ነው። በኬስትረል ሴቷ ከወንዱ ትከብዳለች፤ በሃምስተር ወንዱ ከሴቷ ይከብዳል። ኬስትረሎቹን ከሩቅ በቀለም መለየት ይቻላል፦ አዋቂው ወንድ ራሱና ጅራቱ ግራጫ፣ ጀርባው ቀይ ቡኒ ነው። ሴቷ ግን ሙሉ በሙሉ ቡኒ ሆና ጅራቷ ላይ ጥቁር ጭረት ተደርድሯል። ወንድና ሴት ሃምስተርን ግን በቀለም ለመለየት አይሞክሩ፣ አይቻልም።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ ክርክሩን ላቋርጥ። ይህ በቤት እንስሳት ሱቅ በቤት ሽቦ ሳጥን የሚሸጠው ሃምስተር ነው?

ማሳ_አልዛስ

አይደለም ወንድሜ። የሱቁ በአብዛኛው ወርቃማው የሶርያ ሃምስተር ነው፤ ከ100 እስከ 150 ግራም አካባቢ የሚመዝን ሌላ ዝርያ። እ.ኤ.አ. በ1930 ከሃለብ አካባቢ ከመሬት ውስጥ ከነልጆቿ ተቆፍራ የወጣች አንዲት እናት ነበረች፤ ልጆቿ ኢየሩሳሌም በሚገኘው በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተራብተው ነው ዛሬ በዓለም ያለው የሱቅ ወርቃማ ሃምስተር በአመዛኙ የመጣው። የቪየናው የአውሮፓ ሃምስተር የሚባለው ነው፤ ከሱ ሦስት እጥፍ ሊከብድ ይችላል፣ ማላመድም አይቻልም። በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ መያዝም ያስቀጣል።

ክንፍ_ቆጣሪ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ ይበላዋል ወይ?

አዋቂውን አይበላውም፤ ልጁን ግን አዎ። ምክንያቱን በግራም ላሳያችሁ። የኬስትረል የዘወትር ምግብ ቮል የሚባለው ጅራቱ አጭር የሜዳ አይጥ ነው። አንዱ ከ20 እስከ 40 ግራም ይመዝናል። 190 ግራም የምትመዝን ሴት ጭልፊት 25 ግራም ቮል ስትይዝ የክብደቷን 13 በመቶ ነው የምትሸከመው፤ በቀላሉ ይዛ ትበራለች። ከጉድጓድ አዲስ የወጣ 80 ግራም የሚመዝን የሃምስተር ልጅ 42 በመቶ ይሆናል። መግደል ትችላለች፣ መሸከሙ ግን ከባድ ስለሆነ እዚያው መሬት ላይ ወይም ቅርብ ቦታ ጎትታ ነው የምትበላው። 350 ግራም የሚመዝን አዋቂ ግን የራሷን ክብደት አንድ ነጥብ ስምንት እጥፍ ነው። አይነሳም፤ ከመነሳቱም በፊት ሌላ ችግር አለ።

ችግሩ ጭልፊት የሚገድልበት መንገድ ነው። እንደ ንስር በጥፍር ጨምቆ አይገድልም። እግሩ መያዣ ብቻ ነው፤ የሚገድለው በምንቃሩ ነው። የላይኛው ምንቃር ጠርዝ ላይ ጥርስ የሚመስል ሾጣጣ ነገር አለ፣ እሱን አንገት ላይ አሳርፎ አከርካሪውን ይቆርጣል። ይህን ለማድረግ ፊቱን ወደ ታዳኙ ማስጠጋት ግድ ነው። ቮል ላይ ምንም አደጋ የለውም። አዋቂ ሃምስተር ላይ ግን ዓይኑን ወደ ሁለት ጥንድ ረጃጅም የፊት ጥርስ እያስጠጋ ነው።

ሃምስተሩ ሲጠቃ ሁልጊዜ አይሮጥም። ጉድጓዱ ሩቅ ከሆነ በኋላ እግሩ ይቆማል፤ ጥቁር ሆዱን ወደ ጠላቱ ያዞራል፣ ጉንጩን ይነፋል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ከዚያ ዘልሎ ይነክሳል። ወፍራም የቆዳ ጓንት ይበሳል። 190 ግራም የሚመዝን ወፍ ደግሞ አንድ ጣቱ ቢቆረጥ ወይም አንድ ዓይኑ ቢጠፋ ማደን ሊያቅተውና በረሃብ ሊያልቅለት ይችላል። ስለዚህ ጭልፊቱ አዋቂ ሃምስተር ላይ ሲያንዣብብ ብታዩ የሚጠብቀው ከጎኑ ያለውን ቮል ወይም ግልገሎቹን ነው።

የቅዳሜ_መምህርት

በጣም አመሰግናለሁ። ታዲያ አዋቂውን ሃምስተር የሚበላው ማን ነው?

ማሳ_አልዛስ

የአውሮፓው ቀላ ያለ ቀበሮ (ሬድ ፎክስ፣ የባሌው ቀይ ቀበሮ አይደለም) ከሁሉ ይቀድማል። ከአሞራ ወገን ደግሞ በዛርድ የሚባለው ትልቅ አዳኝ ወፍ አለ፤ ከ600 ግራም እስከ ከአንድ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሒሳቡ ሌላ ነው። ቀዩና ጥቁሩ ጭላት፣ በሌሊት ትልቁ ጉጉትም አሉ። ግልገሎቹን ቁራና የቤት ድመትም ይወስዳሉ። ብዙ ሃምስተር የሚበላው ግን እህሉ ከታጨደ በኋላ ነው። ቆሞ የነበረው ስንዴ በአንድ ቀን ይነሳና ሜዳው ባዶ ይቀራል፤ መሸሸጊያ የለም፣ ቃርሚያ ለመልቀም ግን መውጣት ግድ ነው።

ሳነቴ

ክንፍ_ቆጣሪ በዕውነቱ ጥሩ አድርገህ አስረዳህ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ኬስትረል በአየር ላይ ሲቆም ምን እያደረገ እንደሆነ ለልጆች ማሳየት ይቻላል። ፊቱን ሁልጊዜ ወደ ነፋሱ ያዞራል። ነፋሱ በሚመጣበት ፍጥነት ልክ ወደፊት ይበራል፤ ስለዚህ ከመሬት አንጻር ባለበት ይቀራል። ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፣ ክንፉ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱ ግን ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ አይንቀሳቀስም። ራሱ ካልረጋ ሣሩ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ትንሽ ነገር ሊለየው አይችልም። ነፋስ በሌለበት ቀን ይህን ማድረግ ብዙ ጉልበት ስለሚጨርስበት ግንድ ወይም የመብራት ምሰሶ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ልጆቹን ሜዳ ይዘው ሲሄዱ፣ መምህርት፣ መጠነኛ ነፋስ ያለበትን ቀን ይምረጡ።

ደግሞ ብዙ ቦታ የሚጻፍ አለ፦ ኬስትረል የቮሉን ሽንት በአልትራቫዮሌት፣ ሰው በማያየው ብርሃን፣ ያያል የሚል። ይህንንም ሰሌዳው ላይ ቢገባ ልጆች ይወዱታል።

ክንፍ_ቆጣሪ

እሱን አታስገቡት። ሐሳቡ የመጣው ከፊንላንድ በ1995 ከታተመ ጥናት ነው፤ በቤተ ሙከራና በሜዳ ጭልፊቶቹ የሽንት ምልክት ወዳለበት ቦታ ያደላሉ ተባለ። በ2013 ግን በስዊድን የአዳኝ ወፎች ዓይን ሲለካ፣ ኬስትረልን ጨምሮ፣ የዓይናቸው ሌንስ አብዛኛውን አልትራቫዮሌት እንደሚያስቀር ታየ። የቮሉ ሽንትም ከአካባቢው ሣር ጎልቶ እንዲለይ የሚያደርግ ያን ያህል ነጸብራቅ አልተገኘበትም። ስለዚህ እንደ ተረጋገጠ ነገር መጻፍ ልክ አይሆንም።

በዚያ ምትክ ይህን ጻፉ፦ በእያንዳንዱ ዓይኑ ውስጥ አጥርቶ የሚያይባቸው ሁለት ነጥቦች አሉት፤ እኛ አንድ ብቻ ነው ያለን። በአንዱ ወደ ጎን ይቃኛል፣ በሌላው ወደፊት ያነጣጥራል።

ሳነቴ

እሺ፣ የ2013ቱን አላየሁትም ነበር። ተቀብያለሁ።

ማሳ_አልዛስ

ክረምት አያያዛቸውን እኔ ልመልስ። ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ልዩነት ይኸ ነው፤ ሰሌዳውም ግማሹን ቦታ ለዚህ ቢሰጥ ደስ ይለኛል።

ሃምስተሩ ባለ ጎተራ ነው። በጉንጩ በኩል እስከ ትከሻው የሚደርስ ከረጢት አለው፤ ስንዴ፣ አተር፣ በቆሎ፣ የአልፋልፋ ቅጠል በዚያ ሞልቶ ያጓጉዛል። ጉድጓዱ ውስጥ ለመኝታ፣ ለእህልና ለዓይነ ምድር የተለያየ ክፍል አለው። በበጋ የሚኖርበት ጥልቀት በአመዛኙ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ክረምት ሲመጣ ውርጩ ከማይደርስበት ለመውረድ እስከ 2 ሜትር ይቆፍራል። ከዚያ አፉን በአፈር ይደፍነዋል።

ከኦክቶበር ገደማ እስከ ማርች ወይም ኤፕሪል ይተኛል። እንደ ድብ በስብ ብቻ ግን አይከርምም። የሰውነቱ ሙቀት ወደ 5 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት ባልበለጠ፣ ራሱን አሙቆ ይነሳል፣ ከጎተራው ይበላል፣ ይጸዳዳል፣ እንደገና ይተኛል። ጎተራው ባዶ ከሆነ ሲነሳ ችግር ይጀምራል፤ ራሱን ለማሞቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ከየት ይምጣ? በጸደይ ሞቶ የሚገኘው በብርድ ሳይሆን በረሃብ ነው።

ስንት ይሰበስባል ለሚለው 65 ኪሎ የሚል ቁጥር በየቦታው ታገኛላችሁ። ለሰሌዳ አይሆንም። ለአንድ ክረምት ከ2 እስከ 3 ኪሎ በቂው ነው፤ ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ የሚገኘውም በዚያ ዙሪያ ነው። ልጆቹ አንድ የሁለት ኪሎ የስንዴ ከረጢትና 350 ግራም የሆነ ነገር ጎን ለጎን ቢያዩ ይገባቸዋል፦ የራሱን ክብደት ስድስት እጥፍ ያህል በጉንጩ እያመላለሰ ነው ያከማቸው።

ክንፍ_ቆጣሪ

ጭልፊቱ ግን ክረምቱን በሙሉ የሰውነቱን ሙቀት 40 ዲግሪ አካባቢ ይዞ መቆየት አለበት፤ አይተኛም፣ ሙቀቱንም አያወርድም። ስለዚህ በየቀኑ መብላት አለበት። በቀን ከ4 እስከ 8 ቮል እንደሚያስፈልገው ይገመታል። በረዶ ሣሩን ለብዙ ቀናት ሲሸፍን ቮሎቹ ከበረዶው ሥር ይኖራሉ፣ እሱ ግን አያያቸውም። አንዳንዱ ወደ ደቡብ የሚሰደደው፣ አንዳንዱ ወደ ከተማ ገብቶ ድንቢጥ የሚያድነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ሃምስተር ያከማቻል፣ ጭልፊት አያከማችም» ተብሎ ግን አይጻፍ። ኬስትረል በቀን ውስጥ ከሚፈልገው በላይ ከያዘ ትርፉን ሣር ሥር ወይም አጥር ላይ ይደብቃል፤ ሊመሽ ሲል ተመልሶ ይበላውና ያድራል። በኔዘርላንድ በሜዳ በዝርዝር ተጠንቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ጠዋት ሙሉ ሆድ ይዞ መብረር ክብደት ነው፣ ማታ ግን ሆዱ ሙሉ ሆኖ ማደር አለበት። እዚያው አካባቢ የታየ ሌላ ነገር አለ፤ ቮሎች በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በአንድነት ከጉድጓድ ወጣ ይላሉ፣ ጭልፊቱም ትናንት በቀናው ሰዓትና ቦታ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ለመንፈቅ ያከማቻል፣ ሌላው ለአንድ ማታ።

የቅዳሜ_መምህርት

ይህ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ «ለመንፈቅና ለአንድ ማታ» የሚለውን እወስደዋለሁ። ልጅ አወላለዳቸውስ?

ክንፍ_ቆጣሪ

ባጭሩ። ኬስትረል ጎጆ አይሠራም። የሕንጻ ቀዳዳ፣ የጣሪያ ሥር ክፍተት፣ ቁራ የተወው ጎጆ፣ ሰው የሰቀለው ሳጥን ይይዛል። በዓመት አንዴ ከ3 እስከ 6 እንቁላል ይጥላል፤ ሴቷ 4 ሳምንት ገደማ ትታቀፋለች፣ ወንዱ ያመጣላታል። ጫጩቶቹ ሌላ 4 ሳምንት በኋላ ይበራሉ፣ ከዚያም ለአንድ ወር ያህል ወላጆቻቸው ይመግቧቸዋል።

ሃምስተር የሚያረግዘው ለ18 እስከ 20 ቀን ብቻ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከተመቸ ሦስት ጊዜ ይወልዳል። ግልገሎቹ ሲወለዱ ዕውርና ራቁት ናቸው፤ በወራቸው ራሳቸውን ይችላሉ። አባት ምንም አያግዝም፤ ሴቷ ከተራከቡ በኋላ ታባርረዋለች።

ማሳ_አልዛስ

«ከተመቸ» የምትለዋ ቃል ላይ ልቁም፤ ዛሬ አይመችም። በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የአውሮፓን ሃምስተር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት ተርታ መድቦታል። አንድ ጊዜ እንደ ተባይ በገፍ እየተያዘ ለቆዳው የሚሸጥ እንስሳ ነበር። ኬስትረል ግን በዓለም ደረጃ ስጋት የለበትም። ልዩነቱ ከየት መጣ ብለው ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም።

በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በአልዛስ በኩል ያለውን ላስረዳ። ድሮ ማሳው ትንንሽ ነበር፦ ስንዴ፣ አልፋልፋ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር ጎን ለጎን። አሁን ዓይን እስኪደርስ በቆሎ ነው። በቆሎ ዘግይቶ ስለሚበቅል ሃምስተሩ በኤፕሪል ሲነቃ ሜዳው ራቁቱን ነው፤ አዳኝ ያየዋል፣ የሚበላም የለም። በመከር ደግሞ በቆሎ ብቻ ይበላል። በስትራስቡርግ የተደረገና በ2017 የታተመ ጥናት እናቶች በቆሎ ብቻ ሲመገቡ ምን እንደሚሆን አሳየ፦ ቪታሚን ቢ3 ይጎድላቸዋል፣ ምላሳቸው ይጠቁራል፣ ይቅበዘበዛሉ፣ የወለዷቸውን ልጆች ይበሏቸዋል። ቪታሚኑ ሲጨመርላቸው ልጆቻቸውን አሳደጉ። በሰው ላይ ፔላግራ የሚባለው በሽታ ማለት ነው፤ በቆሎ ብቻ ይበሉ የነበሩ ድሆች በአውሮፓና በአሜሪካ ያለቁበት። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በጁን 2011 ፈረንሳይ ይህን እንስሳ በበቂ አልጠበቀችም ብሎ ፈርዷል።

ለሃምስተር የሚሆን እርሻ ምን ይመስላል? አፈሩ ጥልቅና ድንጋይ የሌለበት መሆን አለበት፣ የከርሰ ምድር ውኃው ደግሞ ከጉድጓዱ በታች። አጨዳ ላይ ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው የስንዴ ጥብጣብ ሳይታጨድ እስከ ኦክቶበር ይቀራል። የቀረው አገዳ ከመሬቱ ጋር ተጠግቶ ሳይሆን ከፍ ተደርጎ ይታጨዳል። ከአጨዳ በኋላ ወዲያው አይታረስም፤ ሲታረስም ከ30 ሳንቲ ሜትር አይጠልቅም። ይህ ሁሉ ለጭልፊቱም ይጠቅማል፤ ቮሉ እዚያው ጥብጣብ ውስጥ ይረባል፣ ጭልፊቱ ደግሞ ዳር ዳሩን ያድናል።

አዲስ_ገቢ

ታዲያ ቪየና ከተማ ውስጥ እንዴት በዙ? ማሳ የለም እኮ።

ክንፍ_ቆጣሪ

ሃምስተሩ የቀረው ጥልቅ አፈርና የማይታረስ ሣር ስላለ ነው። ጸንትራልፍሪድሆፍ በ1874 የተከፈተ፣ 2 ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ቦታ ነው። የመቃብር አበባ ይበላል፣ ዘርና ፍሬ ያገኛል፣ የመቃብር ሻማ ሳይቀር እየጎረሰ ይወስዳል፤ ሰሙ ውስጥ ያለውን ቅባት ፈልጎ። ደቡባዊ ሰፈሮች ውስጥ በመኖሪያ ሕንጻዎች መሃል ባለ ሣርም ይኖራል። በዚያ ሊሠራ በነበረ ሕንጻ ምክንያት ጉዳዩ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ፣ በ2020ና በ2021 ተፈርዷል፦ ጉድጓዱ አሁን ባዶ ቢሆንም ሃምስተሩ ይመለስበታል ተብሎ የሚታመን ከሆነ ማፍረስ ክልክል ነው።

የጭልፊቱ ሁኔታ ግን ላይ ላዩን እንደሚታየው አይደለም። ቪየና በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ጥንዶች አሏት፤ አሮጌዎቹ ሕንጻዎች ቀዳዳቸው ብዙ ነው። ግን በ2014 የታተመ ጥናት ያሳየው፣ መሃል ከተማ ጎጆ የሚይዙት ከዳር ካሉት ያነሰ ጫጩት እንደሚያሳድጉ ነው። ቤት አለ፣ ምግብ የለም። ቮል በሌለበት ወፍ ማደን ይኖርበታል፤ ወፍ ደግሞ ለኬስትረል ከቮል ይልቅ ለመያዝ ይከብዳል።

የእንስሳት_ሐኪም_ግራዝ

ሁለቱን የሚያገናኘው አንድ ነገር ስላልተነሳ ልግባ፦ የአይጥ መርዝ። በአብዛኛው የሚሸጡት ብሮዲፋኩምና ብሮማዲዮሎን የሚባሉት ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው፤ ጉበት ቪታሚን ኬን መልሶ እንዳይጠቀምበት ይከለክላሉ። የበላው አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ ከ3 እስከ 7 ቀን ይቆያል። በነዚያ ቀናት ይደነዝዛል፣ በቀን ብርሃን ሜዳ ላይ ይወጣል። ጭልፊት የሚፈልገው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነው። መርዙ በጭልፊቱ ጉበት ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ በየአይጡ ይጨመራል። ሃምስተር ደግሞ በቀጥታ ይበላዋል፤ የጣፈጠውን መርዝ ወደ ጎተራው አስገብቶ ክረምቱን በሙሉ ሊመገበው ይችላል። ጓሮ ያላችሁ ሰዎች፦ በመጀመሪያ የዶሮና የወፍ ጥሬ በክዳን ዕቃ አስቀምጡ፣ ከግንቡ ላይ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ዝጉ፣ ከዚያ ወጥመድ። መርዝ በሜዳ አይበተን።

ሁለተኛ፣ በጁን ወር ከጎጆ የወደቀ የጭልፊት ጫጩት ይመጣልናል። ላባው ከሞላና ራሱ ላይ ጥቂት ጸጉር መሰል ላባ የቀረው ከሆነ፣ ካልቆሰለ፣ መውሰድ አያስፈልግም፤ ወላጆቹ እየመገቡት ነው። መንገድ ላይ ከሆነ በፎጣ ራሱን ሸፍናችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ ቅርብ ባለ ግንብ ወይም ቁጥቋጦ ላይ አኑሩት። ክንፉ ከተንጠለጠለ ወይም ራቁቱን ከሆነ ብቻ፣ አየር ያለው ጨለም ያለ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ወደ ዱር እንስሳት ማገገሚያ አድርሱት። ውኃ በአፉ አታፍስሱ፤ የአየር ቧንቧው ከምላሱ ሥር ስለሚከፈት ወደ ሳንባው ይገባል። ወተት፣ ዳቦ፣ የተፈጨ ሥጋም አይሰጥ። ሥጋ ብቻ የሚበላ ጫጩት አጥንት ስለማያገኝ ካልሲየም ይጎድለዋል፣ እግሩ ይጣመማል።

የሃምስተር ግልገል ካገኛችሁ ደግሞ በባዶ እጅ አትንኩ። ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ከሆነ ተዉት።

የቅዳሜ_መምህርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። የጉድጓዱን አፍ እንዴት እንለየው? የአይጥና የቮል ጉድጓድም እዚያው አለ።

ማሳ_አልዛስ

በስፋቱና በአቅጣጫው። የቮል አፍ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ብዙ ሆኖ በሣር ውስጥ በቀጭን መንገድ ይገናኛል። የሃምስተር ከ6 እስከ 9 ነው። የአይጥ ጉድጓድ ስፋቱ ሊቀራረብ ይችላል፤ ግን አግድም ገብቶ ይሄዳል፣ ብዙውን ጊዜ ግንብ ወይም ውኃ አጠገብ ነው። ሃምስተሩ ከሁለት ዓይነት አፍ አንዱ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ እንደ ጉድጓድ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከአደጋ ሲሸሽ ዘሎ የሚገባበት ነው። ሌላው ሰያፍ ነው፣ ከአጠገቡም የተቆፈረ አፈር ተከምሮ ይታያል። ባለሙያ በዱላ ይለካዋል፤ 40 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ከወረደ ሃምስተር ነው ይባላል። ልጆቹ ግን ምንም አያስገቡ፣ መኖሪያው በሕግ የተጠበቀ ነው። ማስመሪያ ከአፉ ጎን አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ፤ ያ በቂ ነው።

ሳነቴ

ልጆቹ ኢትዮጵያ ውስጥስ ብለው ይጠይቃሉ። ኬስትረሉ አለ፦ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው አለ፣ ከአውሮፓ ክረምቱን ሸሽቶ ከኦክቶበር እስከ ማርች የሚመጣውም አለ። አነስ ያለው ዘመዱም፣ ሌሰር ኬስትረል፣ በመንጋ ያልፋል፤ እሱ በአብዛኛው አንበጣና ፌንጣ ነው የሚበላው። በደቡብ ደረቅ ቆላ ደግሞ በአፍሪካ ከአዳኝ ወፎች ሁሉ ትንሹ የሆነው ድንክ ጭልፊት አለ፤ 60 ግራም አካባቢ ነው፣ የሸማኔ ወፍ ጎጆ ውስጥ ይኖራል።

ሃምስተር የለም። በሥራው የሚቀርበው በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ነው። ከሃምስተር ይበልጣል፤ ትልቁ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። እሱም ጉድጓድ ይቆፍራል፣ በአፉ ዙሪያ ያለውን ሣር ለቅሞ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ነገር ግን የወራት እንቅልፍ የለውም፣ የእህል ጎተራም አይሞላም፤ በሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ሣሩም ዓመቱን ሙሉ አለ። ዋነኛ ጠላቱ ቀይ ቀበሮ ነው፤ ኬስትረሉ አጠገቡ ያሉትን ትንንሽ የሣር አይጦች ነው የሚያድነው። እዚያም አካሉ ከአዳኙ የሚከብድ እንስሳ ለጭልፊት ምግብ አይሆንም።

የቅዳሜ_መምህርት

አሁን ስለ አሣሣሉ። ሁለቱን በእውነተኛ መጠናቸው ልስላቸው አስቤ ነበር፤ ግን በኤ3 ወረቀት አልበቃኝም።

ክንፍ_ቆጣሪ

ኤ3 ረጅሙ ጎን 42 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 75 ሳንቲ ሜትር ክንፍ አይገባበትም። ኤ1 ይውሰዱ፣ 84 በ59 ነው። ክንፉን በረጅሙ ጎን ከላይ ይሳሉ፤ ከታች ለ25 ሳንቲ ሜትር ሃምስተርና ለ10 ሳንቲ ሜትር ቮል ቦታ ይተርፋል። የጉድጓዱን አፍ 8 ሳንቲ ሜትር ክብ አድርገው በዚያው ላይ ይጨምሩ።

ማሳ_አልዛስ

ጉድጓዱ ራሱ ግን በዚያ ወረቀት አይሳልም፤ 2 ሜትር ነው። በሌላ ወረቀት በአንድ አሥረኛ ይሳሉት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የበጋውን ጥልቀት 3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ የማረሻውን ጥልቀት 3 ሳንቲ ሜትር ላይ በቀይ መስመር አድርገው። የማረሻው መስመር የበጋውን ጉድጓድ ጣሪያ እንደሚነካ ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል።

የእንስሳት_ሐኪም_ግራዝ

ለክብደቱ ሦስት የጨርቅ ከረጢት ስፉና በወጥ ቤት ሚዛን ሩዝ መዝኑባቸው፦ 25 ግራም ለቮሉ፣ 190 ለጭልፊቷ፣ 350 ለሃምስተሩ። የጭልፊቷን ከረጢት በአንድ እጅ፣ የሃምስተሩን በሌላው እጅ ይያዙ። ከረጢቶቹን ድርብ ስፌት አድርጉላቸው፣ ልጆች ይወረውሯቸዋል።

የቅዳሜ_መምህርት

ኤ1 ወረቀትና ሁለት ኪሎ ሩዝ ይዣለሁ። የቮሉ ጅራት ርዝመት ስንት ነው፣ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር?

ክንፍ_ቆጣሪ

ሲሶ ገደማ። ለ10 ሳንቲ ሜትር አካል 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሳሉት፤ ከዚያ ከረዘመ የቤት አይጥ ይመስላል።